ሟች የሌለው ድንኳን

ሰው ቀርቦ «እግዜር ያጽናህ» ሲላችሁ ዘላችሁ «አሜን» አትበሉ። መጀመሪያ ስለ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ነውር ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። እኔ አለመጠየቄ ምን ውስጥ እንደከተተኝ ላጫውታችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ሥራዬ ሰው ማዝናናት ነው። ስታዩኝ አይመስልም። ፊቴ ሲፈጥረኝ ጀምሮ ኮስተር ያለ ነው። ባምባሲ፣ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች መንደር ውስጥ ሳድግ፣ እናቴ «እስቲ ይኼ ልጅ ሲስቅ ያያችሁ ንገሩኝ» እያለች ጎረቤት ታዳርስ ነበር። ይህንን ፊት ተሸክሜ ነው እንግዲህ አሶሳ ላይ የመናፈሻና የማኅበረሰብ መዝናኛ ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት። የመደበኝ ሰው ፎቶዬን አላየም መሰለኝ።

መናፈሻዬ፣ የመንግሥት ቢሆንም እንደዚያ ነው የምጠራው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለ ነው። በስተኋላው ያረጁ ማንጎዎች አሉ፤ ከፊት፣ ወደ በሩ አካባቢ፣ ገና ከጉልበት ያላለፉ ችግኞች። ዙሪያው በቀርከሃ ታጥሯል። ዥዋዥዌ አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ለመዝናኛ ፕሮግራሙ የተገዙት የዳማ ሰሌዳዎችና ካርታዎች ደግሞ ከነላስቲካቸው ዕቃ ቤት ተቀምጠዋል። የጎደለው ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጥፋቱን በከተማው ላይ ነበር የማላክከው። አሶሳ ውስጥ ማንጎ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይቸግራል። በገዛ ግቢው፣ በገዛ ጥላው፣ ጫማውን አውልቆ ጋደም የሚል ሰው የመንግሥት ማንጎ ሥር ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ ለምን ይለፋል? ኋላ ግን አንድ ቀን በሩ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ መጡ። የመናፈሻው ጠባቂ እትዬ ብርቄ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ለምን ጉዳይ ነው?» አለቻቸው። ሽማግሌው ቆም ብለው አሰቡ። «ኧረ ለምንም» አሉና ተመልሰው ሄዱ።

«እትዬ ብርቄ፣ ምነው መለስሻቸው?»

«ጉዳይ የላቸውማ!»

«ጉዳይ የሌለው ሰው አይደል እንዴ መናፈሻ የሚመጣው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የሚገባውን ሁሉ ጉዳዩን ጠይቂ ያልከኝ?»

እውነቷን ነው። ፍየሎች ችግኝ ሲጨርሱብኝ፣ ፍየሎቹን ፍለጋ ደግሞ ባለቤቶቻቸው ሲገቡብኝ፣ በንዴት ያወጣሁት ትእዛዝ ነበር። ወዲያው አነሣሁት። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ሰፈሩ አንዴ «እዚያ ያለ ጉዳይ አይገባም» ብሎ ይዞታል።

እትዬ ብርቄን ላስተዋውቃችሁ። ዘበኛም አትክልተኛም ጠራጊም እሷው ናት። በዚያ ክፉ ጊዜ ከድባጤ ተፈናቅላ፣ በላይዋ ላይ በነበረው ልብስ ብቻ ነው አሶሳ የገባችው። ስለዚያ አታወራም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። በሩ አጠገብ አንዲት የዋንዛ ችግኝ በእጇ ተክላለች። ሌላውን ችግኝ ሁሉ ማለዳ ማለዳ ስታጠጣ፣ ዋንዛዋን ግን የምታጠጣት አመሻሹ ላይ ነው፤ ካጠጣቻት በኋላም አጠገቧ ብዙ ትቀመጣለች። «ይቺን ዛፍ ከእኛ አስበለጥሻት እኮ» ስላት «ተዋት፣ ትደግ» ብቻ ትለኛለች።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው አለቃዬ አቶ ታረቀኝ ቢሯቸው ያስጠሩኝ። አቶ ታረቀኝ ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ባዶ ቦታ ሲያዩ ያማቸዋል።

«ስማ» አሉኝ፣ «ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ተፈልጓል።»

«መናፈሻ ነው እኮ ጌታዬ።»

«መናፈሻ የሚባለው ሰው ሲናፈስበት ነው። ቅዳሜ የማኅበረሰብ መዝናኛ ቀን አዘጋጅ። ከሰዓት ኮሚቴውን ይዤ እመጣለሁ። ሰው ካገኘን መናፈሻ ነው፤ ሰው ካጣን መኪና ማቆሚያ ነው። አለቀ።»

ተመልሼ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳት። መኪኖቹ የሚገቡት በዚሁ በር ስለሆነ መጀመሪያ የምትነቀለው ዋንዛዋ እንደሆነች፣ የእሷም ሥራ አብሮ እንደሚያልቅ አልደበቅኳትም። ወደ ዋንዛዋ ሄደች። ከዚያ የችግኟን ቅጠል በጣቷ ያዝ አድርጋ «ወንድሜ፣ ስለ ሥራው ግድ የለም፣ ሥራ ሌላም አይጠፋ ይሆናል» አለችኝ። «እሷን ብቻ አታስነቅልብኝ። እባክህ ሰው ይምጣ። በእናትህ።»

በእናቴ ከተባልኩ አለቀ፣ ምን ልሁን? ቅዳሜን እንደ ሰርግ መደገስ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያስጨነቀኝ የክብር እንግዶች መቀመጫ ነው። ማንጎዎቹ ሥር እንዳላስቀምጣቸው ወሩ ማንጎ የሚበስልበት ነው። ከዚህ በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ፣ ከሌላ ቦታ የመጡ እንግዳ ስለ ተፈጥሮ ሀብታችን እየተናገሩ ሳለ አንድ የበሰለ ማንጎ መሐል አናታቸው ላይ ወድቆ ንግግራቸው እዚያው አብቅቷል። ጸሐይ ላይ እንዳላስቀምጣቸው የአሶሳ ጸሐይ በዚያ ወር ምሕረት የላትም። ስለዚህ ድንኳን ያስፈልጋል። ድንኳን ያለው ማነው? የሰፈራችን ዕድር።

ዓርብ ዕለት የዕድሩ ዕቃ ቤት ሄድኩ። ያው ይሄው ፊቴ አብሮኝ አለ። «ድንኳን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩት ዕቃ ጠባቂውን። ሰውየው ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹን፣ ትላልቆቹን ድስቶች ሳይቀር አወጣልኝ። «ድስቱ እንኳ ይቅር» ስለው «ግዴለም፣ አንተ ምንም አታስብ» አለኝ። ሲሰናበተኝ ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ፣ ያለ ነው» አለ። ድንኳኑ ከባድ ስለሆነ ነው ብዬ «እችለዋለሁ» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ቅዳሜ ማለዳ ድንኳኑን ከእትዬ ብርቄ ጋር ተከልን። በዕቅዴ መሠረት ትልቁ የድምፅ ማጉያ ሙዚቃ እየለቀቀ ሰፈሩን ሊያናውጥ፣ «የማኅበረሰብ መዝናኛ ቀን» የሚል ባነር ደግሞ በሩ ላይ ሊሰቀል ነበር። መብራት ሄደ። ሙዚቃው ቀረ። ባነሩም ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ቀረ። የስልኬም ባትሪ አልቆ ጠፋ።

እስቲ አስቡት። ፀጥ ያለ ግቢ። በር ላይ የዕድር ድንኳን። በግራና በቀኝ የተደረደሩ አግዳሚዎች። ጥግ ላይ ትላልቅ ድስቶች። መሐል ላይ እኔ፣ «ሰው ባይመጣስ?» እያልኩ፣ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ማዶ ላይ እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ተከናንባ ዋንዛዋን ታያለች። አሁን ሳስበው ምን ቀረን?

መጀመሪያ የመጣው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ባጃጁን አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቀስ ብሎ ገባና አጠገቤ መጣ። «እግዜር ያጽናህ» አለኝ።

እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስለ መናፈሻው ስጨነቅ ያደርኩ ሰው ነኝ። የሚያጽናናኝ ሰው ማግኘቴ ልቤን ነካው። ይኸው፣ ችግሬ በከተማው ታውቋል ማለት ነው አልኩ። «አሜን! እግዜር ይስጥልኝ!» አልኩት ከልቤ። ሰውየው ተቀመጠ። የመጀመሪያው ተዝናኚዬ ነውና ደስ ብሎኝ «ዳማ ላምጣልህ?» ስለው ደንገጥ ብሎ አየኝ።

«አሁን አይደለም» አለኝ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ዳማው ትንሽ ይቆይ።»

ትንሽ ተቀምጦ ሄደ። ባጃጅ መቼም ወሬ እንደ ተሳፋሪ ነው የምትጭነው። ብዙም አልቆየ፣ ሰው መጉረፍ ጀመረ። ጎረቤቱ፣ መምህራኑ፣ የገበያ ሴቶች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን፣ እየገቡ «እግዜር ያጽናችሁ» እያሉ ይቀመጣሉ። ደስታ አናቴ ላይ ወጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልሳቅኩት ሰውዬ ሳቅኩ! አንዷ ሴት ለሌላዋ «ወይኔ፣ ሐዘኑ አእምሮውን ነካው» ስትል እየሰማሁ፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ መስሎኝ አዘንኩላት። ተነሥቼም ንግግር አደረግኩ።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ በመምጣታችሁ ደስታዬ ወሰን የለውም» አልኩ። «ይህን ቀን ለረጅም ጊዜ ስጠብቀው ነበር።»

ሴቶቹ ወገን ለቅሶ ፈነዳ። ያን ጊዜ ነው ትንሽ ግራ የገባኝ። ወዲያው ደግሞ የዕድራችን ሊቀ መንበር ሼህ ኻሊፋ ከሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ሼሁ የበርታ ብሔረሰብ አዛውንት ናቸው፣ በአማርኛ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል፤ በሰፈራችን የታመመ ጠያቂ፣ የተጣላ አስታራቂ እሳቸው ናቸው። በድንኳኑ መሐል ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉ ጀመር። ሰው ሁሉ «አሚን» አለ። ድስቶቹን አየሁ። ድንኳኑን አየሁ። ዕቃ ጠባቂው ትከሻዬን እንዴት እንደያዘኝ ትዝ አለኝ። ያኔ ገባኝ።

ጉድ ፈላ! ልነሣ ስል ከግራና ከቀኝ ያዙኝ። «አይዞህ፣ ተቀመጥ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ» ይሉኛል። አጠገቤ ወደተቀመጠው መምህር ጠጋ ብዬ «ማንም አልሞተም እኮ» አልኩት በሹክሹክታ። ሰውየው ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔም አባቴ የሞተ ጊዜ እንደዚሁ ነበር ያልኩት» አለኝ።

እንዴት አንድ ሰው እንኳ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ አይጠይቅም ትሉኝ ይሆናል። የኛ ሰው ልቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? «ይኼን ሁሉ ጊዜ አብረን ኖረን ሟቹን አላውቀውም» ማለት እኮ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ በቀር ሁሉም የሚያውቅ መስሎታል። ዝም ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል።

እዚህ ላይ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ከሰዓት ኮሚቴው ይመጣል። መናፈሻው በሰው ጢም ብሏል። ዝም ብል ምን አለበት? ወደ ሴቶቹ ወገን አየሁ። እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። አይ ብልህ ሴት! ነገሩ ገብቷት መናፈሻውን ለማዳን የምታስመስል መሰለኝ። በልቤ አደነቅኳት። እኔም እጄን ወደ ጉንጬ መለስኩ።

ይህን ያህል ዘመን መንግሥት ቤት ሠርቼ እንደዚያ ያለ የተሳካ ፕሮግራም አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ባትመጣ ኖሮ።

ለካ አንዱ አስተዋይ ባልደረባዬ «የሞተችው እናቱ ሳትሆን አትቀርም፤ ቀብሩ የት እንደሆነ ልጠይቅ» ብሎ ባምባሲ ዘመድ ጋ ደውሏል። ዘመድ ደግሞ ሮጦ እናቴ ቤት ገብቶ «ልጅሽ ጋ ድንኳን ተጥሏል» ብሏታል። ወደ እኔ ቢደውሉ ስልኬ ዝግ ነው። የማን ድንኳን መሰላት? የኔ! ሚኒባስ ውስጥ ከባምባሲ እስከ አሶሳ ተሳፋሪውን ሁሉ እያስለቀሰች መጣች።

«ልጄን! ወየው ልጄን! አንድዬን!» የሚል ድምፅ ከአስፋልቱ በኩል ሰማሁ። ድምፁን እንዴት አላውቀው? እናቴ ደረቷን እየደቃች በበሩ ገባች። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። እኔም ተነሣሁ። አየችኝ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አንተ... ቆመሃል?»

«ቆሜያለሁ እማዬ።»

መጣችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። ጉንጬን ዳበሰች፣ ግንባሬን ዳበሰች፣ ሳመችኝ። ከዚያ በጥፊ አለችኝ። ከዚያ ደግሞ መልሳ ሳመችኝ። ደግፌ አስቀመጥኳት። አፈርኩ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እናቱም አሉ እንዴ?» አለ አንዱ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ይኸው በመጨረሻ ተጠየቀ። ድንኳን ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ማንም» አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ሆነ። «የማኅበረሰብ መዝናኛ ቀን ነው።»

 ሼህ ኻሊፋ ከመቀመጫቸው ቀስ ብለው ተነሡ። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ድንኳን ጨዋታ ነው? ሰው ሳይሞት ድንኳን ተከለ፣ ሞት ደሞ በመንገድ ያልፋል፣ ያያል፣ 'እኔን ጠራኝ' ይላል። አንተ ለሰፈር ሞት ጠራህ። እናትህ እንኳ፣ እየው፣ በመንገድ ልቡ ሊቆም ነበር። ሐራም ነው ይኼ! ንቀሉ! አሁን ንቀሉ!»

ወጣቶቹ ወደ ምሰሶዎቹ ሄዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ እኔን በክፉ ዓይን እያዩ ይነሡ ጀመር። መቼም መከራ ብቻውን አይመጣም፣ ልክ በዚያች ሰዓት አቶ ታረቀኝ ኮሚቴውን አስከትለው በሩ ላይ ብቅ አሉ። የሚወጣውን ሕዝብ አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ወደ መሬቱ አጎንብሰው መኪና በየት በኩል እንደሚገባ ለኮሚቴው በእጃቸው ማሳየት ጀመሩ። ጣታቸው ዋንዛዋ ላይ አረፈ። አለቀልን አልኩ።

«ድንኳኑን አትንቀሉት!»

እትዬ ብርቄ ናት። ምሰሶውን በሁለት እጇ አቅፋ ይዛለች። ያቺ ሴት ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

«የሞተ አለ» አለች። «የኔ ባል ሞቷል።»

ሰው ባለበት ቆመ። ሼሁም ባሉበት ቆሙ።

«ድባጤ ነው የሞተው። እኔ ስሮጥ እሱ ከኋላዬ ነበረ። ይደርሳል ብዬ ሮጥኩ፤ አልደረሰም። ዋንዛ ሥር ቀበርነው ብለው ኋላ ሰዎች ነገሩኝ። ድንኳን አልተጣለለትም። እዚህ ስመጣ ማን ያውቀኛል? ለማን 'ባሌ ሞቷል' ልበል? አንድ ሰው 'እግዜር ያጽናሽ' ብሎኝ አያውቅም።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ዛሬ ጠዋት ሰው ሁሉ እየገባ 'እግዜር ያጽናችሁ' ይላል። ለኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አለቀስኩ። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ እሱን ነው የማለቅሰው። አሁን ትታችሁኝ አትሂዱ። አልቅሼ አልጨረስኩም።»

ነጠላዋ ቢዘቀዘቅ፣ ትከሻዋ ቢንቀጠቀጥ፣ እኔ ማስመሰል ነው ብዬ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አድናቂዋ ነበርኩ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው እናቴ ናት። ለእኔ ከባምባሲ ይዛው የመጣችው እንባ ገና አላለቀም ነበር። ነጠላዋን ዘቀዘቀች፣ ሄዳ እትዬ ብርቄን አንገቷን አቀፈቻት። «ስሙን ንገሪኝ» አለቻት።

«መኩሪያ።»

«ወየው መኩሪያ! ወየው መኩሪያዬ!» ብላ እናቴ ጮኸች። አይታው የማታውቀውን ሰው፣ ስሙን እየጠራች፣ ቤቱን ትቶ የቀረውን፣ ሚስቱን ብቻዋን የላከውን እያለች አለቀሰችለት። ሴቶቹ ሁሉ ተመልሰው ከበቧቸው። ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ተናወጠ። ያ ልቅሶ እውነተኛ ነበር፤ ሰው ደግሞ በየልቡ ያልተለቀሰለት አያጣም።

ሼህ ኻሊፋ የተነሡበት ቦታ ተመልሰው ተቀመጡ። እጃቸውን ዘረጉ። «መኩሪያ» አሉ፣ ስሙን ለመያዝ ቀስ ብለው። «መኩሪያ አላህ ይርሀመው። እሷ ብቻውን አይደለም ከዛሬ በኋላ። ዕድር የሱ ነው።» ከዚያም ምሰሶ ላይ የነበሩትን ወጣቶች «ምን ትቆማላችሁ? አጥብቁ!» አሏቸው። ወጣቶቹ ሊነቅሉት የነበረውን ድንኳን ያጠብቁት ጀመር።

አቶ ታረቀኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «መዝናኛው የታለ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

 እያለቀስኩ ነበር። አግዳሚ ላይ ቦታ አሳየኋቸው። ትንሽ አመነቱና ሄደው ለእትዬ ብርቄ «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ተቀመጡ። ኮሚቴውም በየተራው ብሎ ተቀመጠ።

ልቅሶው እስከ ሠልስቱ ተቀመጠ። ድስቶቹ ሥራ አገኙ። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት፣ የለቅሶው ድምፅ ረገብ ሲል፣ ለቀስተኛው መቼም ሲያድርና ሲውል ዝም ብሎ አይተያይም፣ የጠዋቱ የባጃጅ ሹፌር ተመልሶ መጥቶ ነበርና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ያ ዳማ» አለኝ፣ «አሁን ይምጣ።»

የዳማ ሰሌዳዎቹ ከላስቲካቸው ወጡ። ካርታዎቹ ወጡ። ሼህ ኻሊፋና አቶ ታረቀኝ ገጠሙ። አቶ ታረቀኝ ተሸነፉ፤ ተበሳጩ፤ በማግሥቱ፣ እሑድ ሳይሉ፣ ሊበቀሉ መጡ። ሴቶቹ ማንጎዎቹ ሥር ዘርጋ ብለው ተቀምጠው ያወራሉ፤ ማንጎም ሲወድቅባቸው እያነሡ ይበላሉ። ከእናቶቻቸው ጋር የመጡት ልጆች ዥዋዥዌው ላይ ሲጮኹ፣ አንዷ ሴት ልቅሶ ቤት ነው ብላ ልትቆጣቸው ስትል እትዬ ብርቄ «ተያቸው፣ ልጅ ይወድ ነበር» አለች። ስለ ባሏ ሳትለመን ስታወራ ያን ጊዜ ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ብዙ አወራች፤ ሲቆጣ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ዘፈን እንደማይችል፣ ግን እንደማይተው። ሴቶቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

በሠልስቱ ዕለት ዳማው ላይ አቶ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቺ የመኪና ማቆሚያ ነገር...» ብለው ጀመሩ።

ሼሁ ቀና ብለው አላዩዋቸውም። «የት?»

«ያው፣ እዚሁ።»

«እዚህ ለቅሶ ቤት ነው። በሰው ለቅሶ ቤት ላይ መኪና የሚያቆም ማነው?» አሉና የአቶ ታረቀኝን ጠጠር በሉባቸው።

አቶ ታረቀኝ ዙሪያውን አዩ። ማንጎ ሥር ያሉትን ሴቶች አዩ፣ ዥዋዥዌውን አዩ፣ በሩ አጠገብ ያለችውን ዋንዛ አዩ። «ለመኪናው ሌላ ቦታ እንፈልግለታለን» አሉ። ኮሚቴውም አብሮ ካርታ እየተጫወተ ስለነበር የተቃወመ የለም።

እኔን ግን ሼሁ አልማሩኝም። ድንኳኑን ብቻዬን እንድነቅል፣ ብቻዬን እንዳጥፍ፣ ብቻዬን ተሸክሜ ዕቃ ቤት እንድመልስ ፈረዱብኝ። ዕቃ ጠባቂው ሲቀበለኝ አይዞህ አላለኝም። እናቴም ወደ ባምባሲ ስትሳፈር «ሁለተኛ ድንኳን ስትተክል ብሰማ እውነተኛ አደርግልሃለሁ» ብላኝ ነው የሄደችው።

ከዚያ ወዲህ መናፈሻው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሰው ደርሶ መናፈሻ ወዳድ ሆኖ አይደለም። ሐዘንተኛ ይጠየቃል እንጂ አይተውም። «ብርቄን ጠይቀናት እንምጣ» ብሎ ይመጣል፣ እሷ አጠገብ ትንሽ ይቀመጣል፣ ከዚያ ጥላ ያያል፣ ጓደኛ ያያል፣ ዳማ ያያል፣ እዚያው ያመሻል። ያን ጊዜ «ለምንም» ብለው የተመለሱት ሽማግሌም ይመጣሉ። አሁን ጉዳይ አላቸው።

ባለፈው ወደ ቤቴ ስሄድ በዚያ አለፍኩ። አመሻሽ ነበር። እትዬ ብርቄ ዋንዛዋን አጠጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ዋንዛዋ ወገቤ ደርሳለች። ስታየኝ ብድግ አለችና በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ እንደ ሳቅ ያለ ነገር አየሁ።

«ለምን ጉዳይ ነው?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ሰው ስታስተናግድ፣ ያን ሁሉ ቀን ከጎኗ ስውል፣ ሰው ሁሉ ያላትን እኔ ብቻ ብያት አላውቅም ነበር። ቆም አልኩ።

«እግዜር ያጽናሽ ልልሽ ነው» አልኳት።

«አሜን» አለች። «ግባ።»